ከበሩ በስተውስጥ ስለተለጠፈው ጥሪ

ለተከበራችሁ የወረዳችን ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ሰብሳቢና አባላት፤
ባላችሁበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንደ በራችሁ የጠበቀ፣ ወንበራችሁም እንደ ውሳኔያችሁ የማይነቃነቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ማዕዶት በዳዳ እባላለሁ። ከባልደረባዬ ከወይዘሮ ሁሪያ ጋር መሪ አካባቢ ባለችው የመሥሪያ ሼድ ስድስት ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም የሰፋሁ፣ ሼዷ ለሌላ ማኅበር ትሰጥ ሲባል ለእናንተ ይግባኝ ያልኩ፣ በመጨረሻም «ይግባኝ ባይ በቀጠሮው ባለመቅረባቸው» ተብዬ የተሸኘሁ ሴት ነኝ። ቅር ያሰኘኝን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር ያለው ወረቀት እንደምትወዱ አውቃለሁና።

፩. ጉባኤው ለሕዝብ ክፍት እንደሆነ፣ ባለጉዳይም ከአምስት ቀን በፊት ጥሪ እንደሚደርሰው መመሪያችሁ ይናገራል። ጥሪው በእርግጥ ተለጥፏል፤ አልዋሻችሁም። የተለጠፈው ግን በአዳራሹ በር ላይ፣ በውስጥ በኩል ስለሆነ ሊያነበው የሚችለው ገብቶ በሩን የዘጋ ሰው ብቻ ነው፤ ገብቶ በሩን የሚዘጋው ደግሞ እናንተው ናችሁ። እርስ በርሳችሁ በወቅቱ ስለተጠራራችሁ አመሰግናለሁ።

፪. ሳናውቀው ቀጠሯችን በዋለበት ረቡዕ፣ ጉዳያችን የት እንደደረሰ ለመጠየቅ ሁሪያ ከየካ አባዶ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነስታ፣ እኔም ከቤቴ በእግሬ መጥቼ፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከበራችሁ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ የእንጦጦ ብርድ እየመታን ተቀምጠን ነበር። ጥበቃው አቶ ዘረሰናይ ሰው አክባሪ ናቸውና ውስጥ ስብሰባ ስላለ ድምፃችንን ዝቅ እንድናደርግ ለመኑን፤ እኛም ዝቅ አደረግን። ስብሰባው በእኛው ጉዳይ ላይ መሆኑን እሳቸውም አያውቁም ነበር። ስማችን ተጠርቶ ከሆነ በሹክሹክታ ተጠርቶ ይሆናል፤ ከበሩ አራት እርምጃ ርቀን አልሰማነውም። አምስት ሰዓት ላይ በሩ ተከፍቶ ስትወጡ «እንደምን አረፈዳችሁ» ብላችሁን አለፋችሁ፤ እኛም ተነስተን እጅ ነሳን። የራሴን ስም በተከፈተው በር ጀርባ ላይ ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው።

ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውሃ ሲጎድል ተሻገር ይባላል። እኛ ዳኛውን አግኝተን ሰላምታ እንኳ ተለዋውጠናል። ሰብሳቢውን ደረጃው ላይ ደርሼባቸው ጠዋቱን ሙሉ እዚሁ እንደነበርን ብነግራቸው፣ ቃለ ጉባኤው ስለተፈረመ መገኘታችን ዘግይቷል አሉኝ። ተናድጃለሁ፤ ይህን በጨዋ ቃል መሸፈን አልቻልኩም። ሁሪያ ግን የስድስት ዓመት የንግድ ፈቃድ እድሳታችንን የያዘውን ፌስታል ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማ ነበር።

፫. ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። ሼዷ ለእኛ ትወሰንልን አላልኩም። ያንን ፌስታል ከፍታችሁ አይታችሁ፣ ሰምታችሁን፣ ከዚያ ከፈረዳችሁብን የስፌት መኪኖቻችንን ጭነን እንወጣለን። ጉዳዩ በሩ ተከፍቶ፣ እኛ ባለንበት፣ እንደገና ይሰማልን።

ሳልኖር በተናገራችሁልኝ፣ ሳልሰማ በወሰናችሁልኝ ሁሉ ውለታችሁን የማትረሳ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ማዕዶት በዳዳ
ቀርባ ያልቀረበች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሼዷን እስከ ሰኞ እንድንለቅ የሚያዘው ደብዳቤ፣ ውሳኔው በተሰጠ ማግስት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ በሁለት ሠራተኞቻችሁ እጅ እቤቴ ድረስ መጥቶልኝ በሦስት ቅጂ ፈርሜ ተቀብያለሁ። ለሁሪያም የካ አባዶ ድረስ ሄደው፣ አራተኛ ፎቅ ወጥተው፣ በር አንኳኩተው ሰጥተዋታል። አድራሻችንን ታውቁት ኖሯል።