አራተኛ ፎቅ፣ በር ሦስት

ጥቅምት 11

ገባን። ዕቃው ገባ ማለቴ ነው፤ እኛ ገና ነን። ሊፍቱ ተበላሽቷል። ተሸካሚዎቹ ፍሪጁን አራተኛ ፎቅ እስኪያወጡት ድረስ ሕንፃውን የሠራውን ሰው ዘር ማንዘሩን ሲሰድቡ ነበር። ሳሎኑ ካርቶን በካርቶን ሆኗል። መሃሉ ላይ እማዬ ወንበር ላይ ቁጭ ብላለች፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ። ሐኪም ቤት ተራ የምትጠብቅ ነው የምትመስለው።

«ቦርሳውን እንኳ አስቀምጪው እንጂ።»

«ይሁን፣ አልከበደኝም።»

ሻይ አፈላሁ። ብርጭቆዎቹ የት ካርቶን እንደገቡ ጠፋኝ። በጥርስ ብሩሽ ማስቀመጫው ጠጣን። ያስቃታል ብዬ ነበር... አልሳቀችም።

ጥቅምት 14

ሥራ። ከወንበሬ ሳልነሳ ዋልኩ። የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከል መሥራት ማለት ሰው በሕይወቱ ክፉ ቀን ሲጮኽ ቀድሞ የሚጮኸው በአንቺ ጆሮ ላይ ነው ማለት ነው።

አንዱ ዛሬ ሰደበኝ። «የት ነው ያሉት?» ስለው «ሚስቴ እየሞተች አንቺ ስለ ሰፈር ታወሪያለሽ!» ምን ላድርግ? ምን ሆኑ ብለን አንጀምርም፣ የት ነው ያሉት ነው መጀመሪያው። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ አድራሻው ካለ መኪና ይሄዳል። ከዚያ አድራሻውን ለደዋዩ መልሰን እንደግምለታለን፣ «አዎ» እስኪለን። ሳይደገም መኪና አይነሳም። አዲስ ለሚገቡት ይህን የማስተምረው እኔው ነኝ፣ እስኪሰለቻቸው ድረስ።

ሰውዬው የገዛ ሰፈሩን ሊነግረኝ አልቻለም። ሰው እንዴት የሚኖርበትን አያውቅም? ደሜ ፈላ። ማዳመጫዬን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ባልደረባዬ ሬዲዮ አጠገቤ ሆኖ «እሱን ከሰበርሽ ከደሞዝሽ ነው» አለኝ። ሬዲዮ ያልነው አፉ ስለማይዘጋ ነው። እሱ ባይኖር ይኼን ሥራ ጥዬ ከሄድኩ ቆየሁ።

ጥቅምት 16

እማዬ ጠየቀችኝ፣ «የዚህ ቤት ስሙ ማነው?»

«ስም የለውም። ቁጥር ነው ያለው።»

«ቁጥር ደግሞ ምን ቤት ይሆናል!»

ልክ ናት መሰለኝ። የድሮውን ቤት ሰፈርተኛው ሁሉ በአባባ ስም ነበር የሚጠራው። ኪራይ ነው እንጂ የኛ እንኳ አልነበረም። ግን እኔ የተወለድኩት እዚያ፣ አባባ የሞተው እዚያ። አሁን ባለቤቱ አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ነው። እማዬ የወጣን ዕለት ደጃፉን ጠርጋ ነው የወጣችው። ሊፈርስ ያለ ቤት ደጃፍ!

ሐኪሙ ነግሮኛል። ግፊቷ አልወረደም፤ ኪኒኑ ብቻውን አይበቃም፣ ብቻዋን ቁጭ ብላ አትብሰልሰል፣ ትውጣ፣ ትንቀሳቀስ ነው ያለው። እሺ ብያለሁ። ይኼን ቤት ቤቷ ካላደረግኩት እዚህ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ልታልቅብኝ ነው። ፈራሁ።

ቅዳሜ እንውረድ አልኳት። ዳቦ ቤቱን፣ መድኃኒት ቤቱን፣ የሕንፃውን ቁጥር፣ ሁሉንም አሳይሻለሁ። «እሺ» አለች። እንዲያውም የትኛውን ጫማ ላድርግ ብላ ጠየቀችኝ።

ጥቅምት 19

ቅዳሜ። ሰው ታሞ ቀረና ተጠራሁ። ስመለስ ጫማዋን እንዳደረገች ነበረች። ጎንበስ ብላ አወለቀችው... ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 27

በር ተንኳኳ። ፊት ለፊታችን የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች።

«እናትሽ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ነው እንዴ የሚውሉት?»

«ሥራ አለብኝ።»

«አይ፣ ሥራማ ሁላችንም አለብን። እኔ ጋ መጥተው ይቀመጡ ለማለት ነው። የስፌት መኪናዬ ትንሽ ትጮኻለች እንጂ።»

«እናመሰግናለን፣ ደህና ናት» ብዬ በሩን ዘጋሁ። ምን አስኮረፈኝ? ክፉ ነገር አልተናገረችም። ሲደክመኝ ሰው ሁሉ ጣት የሚቀስርብኝ ይመስለኛል።

ከዚያ እማዬ ከመኝታ ቤት «ልጄ!» ብላ ስትጣራ ከአፌ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው... «የት ነው ያሉት?»

ሳቋን ለቀቀችው። «ኧረ አልጋ ላይ ነኝ የኔ እመቤት! አምቡላንስ ይላክልኝ?» እዚህ ቤት ከገባን መጀመሪያ የሳቀችው ዛሬ ነው። እኔም ሳቅኩ፣ ሳቄ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነና ፊቴን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ታጠብኩ።

ኅዳር 3

አውቶቡስ ተሳፍሬ የድሮው ፌርማታ ወረድኩ። አስቤው አይደለም፣ እግሬ ነው የወሰደኝ። አጥሩ ጋ ስደርስ ነው የነቃሁት። ጣሪያው ተነስቷል። ግማሽ ግድግዳ ቆሟል፣ የማድቤቱ፣ ያ አረንጓዴ ቀለም የተቀባው። ድስት የምንሰቅልባቸው ምስማሮች አሁንም አሉ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። «አመሸሽ» አለችኝ፣ «መንገዱ ተዘጋግቶ» አልኳት።

ካርቶኖቹ እንዳሉ ናቸው። ከያንዳንዳቸው የምንፈልገውን በእጃችን እየጎረጎርን እናወጣለን። መጋረጃ የለንም። ዛሬም ቅዳሜ ሥራ ነበር። ያኛውም ቅዳሜ...

ኅዳር 6

እማዬ ዛሬ፣ «ሥራ ቦታ ስልካችሁን ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፉታላችሁ አሉ። ብፈልግሽስ?»

«በማዕከሉ ቁጥር ደውይ፣ ከሁሉም አጭሩ ቁጥር ነው። ማንም ቢያነሳው የሷ እናት ነኝ ካልሽ ይጠራኛል።»

«ቁጥሩ ለታመመ ሰው አይደለም እንዴ?»

«ላንቺም ነው።»

«ኧረ እኔ ሰው አላስቸግርም» ብላ ቁጥሩን በቃሏ ያዘችው።

ኅዳር 14

እማዬ ሆስፒታል ናት። በሕይወት አለች። መጀመሪያ ይኼን ልጻፈው። ሌላውን ዛሬ አልችልም።

ኅዳር 16

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ያፍነኛል።

ከምሳ በፊት ነው። ሬዲዮ እጁን አወጣ። እጅ የምናወጣው ሲከፋ ነው። «ያንቺ እናት ናቸው» አለኝ ማዳመጫውን በመዳፉ ሸፍኖ፣ «አንደበታቸው ተሳስሯል። ቶሎ በይ፣ አድራሻ!»

ነገርኩት። በደንብ፣ አጥርቼ፣ እንደማስተምራቸው አድርጌ። ሰፈር፣ መንገድ፣ ምልክት። ሬዲዮ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈው፣ መኪናው ተነሳ። እኔ ማዳመጫውን ነጥቄው «እማዬ፣ እየመጡ ነው፣ እንዳትነሺ፣ በሩ ክፍት ነው?» እላለሁ። «እ... ሺ» ትላለች። ድምፅዋ የሷ አይመስልም። ከዚያ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ ምንም።

ጠበቅን። ጠበቅን... ከዚያ የሾፌሩ ድምፅ በመገናኛው መጣ።

«ማዕከል፣ እዚህ ቤት የለም። ፍርስራሽ ነው ያለው። ልድገመው፣ ቤት የለም።»

ሳይጨርስ ገባኝ። የነገርኩት የድሮውን ቤት ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ አድራሻ ሲሉኝ ከአፌ የሚወጣው እሱ ነው፤ ሳላስበው ወጣ። ሬዲዮ ደግሞ አልደገመልኝም። ለማንም ይደግማል፣ ለኔ አልደገመልኝም። አዲሱን አድራሻ ጮኼ ተናገርኩ፣ ግን መኪናው ከከተማው ወዲያ ጫፍ ነበር። በቅርብ ሌላ ነፃ መኪና አልነበረም።

ሲደርሱ ልብስ ሰፊዋ እማዬን ጭኗ ላይ አስተኝታት ነበር። ሲወድቅ የሰማሁት እማዬ ራሷ ነበረች፤ ልብስ ሰፊዋም ሰምታ የገባችው ያንኑ ነው። በሩን የዘጋሁባት ሴትዮ።

ኅዳር 20

ስትሮክ ነው። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ፣ አንደበቷም። ሐኪሟን ጠየቅኳት፣ «ቀደም ብላ ደርሳ ቢሆን ኖሮስ?» ወረቀቷን ስታገላብጥ ቆየችና «እሱን አሁን ባናነሳው ይሻላል» አለችኝ። መልስ ነው። ለሰው እንዲህ አድርጌ ስንት ጊዜ መልሻለሁ።

አለቃዬ አስጠራችኝ። ጥሪ ሲበላሽ ቅጂው መሰማት አለበት፣ ደንብ ነው። ካልፈለግሽ ውጭ ቆዪ አለችኝ። አልወጣሁም።

የሬዲዮ ድምፅ፦ «የት ነው ያሉት እማማ?»

የእማዬ፦ «እዚህ... አዲሱ ቤት...»

«የቱ አዲሱ ቤት? ሰፈሩ? ቁጥሩ?»

«ልጄ ታውቃለች። ልጄን ጠይቃት... ልጄ ታውቃለች።»

ቅዳሜ አሳይሻለሁ ያልኳት እኔ፣ ጫማዋን አድርጋ የጠበቀችኝ እሷ... ደግሞ ምን እምነት ነው፣ ምላሷ እየተሳሰረ እንኳ አልጠረጠረችኝም።

አለቃዬ አላባረረችኝም። «እረፍት ውሰጂ፣ ከዚያ እናያለን» አለችኝ። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ አፈርኩ።

ሬዲዮ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። «አንቺ ስለሆንሽ ነው ያልደገምኩልሽ» አለኝ። «ላንቺ እንዴት ልድገም?» እሱ ዝም ሲል ሰው የሞተ ነው የሚመስለው። ክንዱን ይዤው ቆምኩ።

ኅዳር 29

ካርቶኖቹን ፈታሁ። ሁሉንም። ብርጭቆዎቹ «መጻሕፍት» ብዬ የጻፍኩበት ካርቶን ውስጥ ተገኙ። አወይ እኔ!

ልብስ ሰፊዋ መጋረጃ ሰፍታ አመጣች። ሰማያዊ። ወንበር ላይ ቆማ እየሰቀለች፣ እኔ ወንበሩን ይዤ፣ «እትዬ፣ ያን ቀን በሩን...» አልኳት።

«ተዪው፣ ይኼን ጫፍ ያዢልኝ።»

ያዝኩላት። ሁለተኛ አላነሳሁትም።

ታኅሣሥ 10

እማዬን አመጣናት። ሊፍቱ አሁንም አይሠራም፣ ይሠራል ያለስ ማነው። ሬዲዮና የአምቡላንሱ ሾፌር በወንበር ተሸክመው አወጧት። ያው ሾፌር ነው፣ ፍርስራሹ ጋ የደረሰው። በየፎቁ እያረፉ። ሬዲዮ ሦስተኛው ፎቅ ላይ «እማማ፣ ትንሽ እንኳ ከስተው አይመጡም ነበር?» ሲላት ግራ ከንፈሯ ፈገግ አለ። የቀኙ እንዳለ ነው።

መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥናት። ቦርሳዋን ልሰጣት ስል በግራ እጇ ገፋችው። መሬት አስቀመጥኩት።

ታኅሣሥ 21

ነገርኳት። የድሮውን ቤት ነው የነገርኳቸው አልኳት፣ ለዚያ ነው የዘገዩት። ደህና በሆነው እጇ እጄን መታ መታ አደረገችኝ። ገባት? ወይስ ስላለቀስኩ ብቻ ነው? መጠየቅ አይቻል...

ታኅሣሥ 28

አጠብኳት፣ አበላኋት፣ አስተኛኋት። ሾርባው ከአፏ ሲፈስ አፍራ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እኔ የማላየው መስዬ ማንኪያ አጥባለሁ።

ጥር 6

የንግግር ባለሙያዋ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ትዕግሥቷ ለጉድ ነው። «ውኃ» ታስብላታለች፣ «በር» ታስብላታለች። እማዬ ላብ በላብ ሆና አንዷን ቃል ታወጣለች፣ ቀጣይዋ ትጠፋባታለች። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ እንደተቀመጠ ነው፣ የሰው ዕቃ ይመስል። ይመለሳል አይሉኝም፣ አይመለስምም አይሉኝም።

እኔ ነገ ሥራ እገባለሁ። ቅዳሜን ለማንም እንደማልሰጥ ለአለቃዬ ነግሬያታለሁ። ቀን ቀን እማዬ እትዬ ጋ ትውላለች። የስፌት መኪናው ጩኸት ቢረብሻትስ ብዬ ነበር፣ እትዬ «ባይሆን ከኔ ወሬ ይሻላቸዋል» አለች።

ባለሙያዋ ከመውጣቷ በፊት እንደ ቀልድ ጠየቀቻት፣ «እሺ እማማ፣ የት ነው የሚኖሩት?»

እማዬ አሰበች። ዞር ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ታገለ፣ ታገለ...

«ልጄ... ታውቃለች።»

ባለሙያዋ አጨበጨበች። «ሙሉ ዐረፍተ ነገር! መጀመሪያዋ ነው፣ አየሽ አይደል?» እኔ ግን ወንበሯ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ብሎክ ዘጠኝ» አልኳት። «አራተኛ ፎቅ። በር ሦስት።»

«ኧረ እሳቸውን ነው የጠየቅኩት!» አለች ባለሙያዋ እየሳቀች።

እማዬ አልሳቀችም። ዓይኔን ትክ ብላ እያየች፣ ቀስ እያለች፣ ቃል በቃል ደገመችልኝ።

«ዘ... ጠኝ። አራተኛ። በር... ሦስት።»

ጠበቀችኝ።

«አዎ» አልኳት።