የኋላዋ ክፍል ለማን እንደምትሆን

ዛሬ ማክሰኞ፣ ግንቦት ፱ ቀን፣ ከቀትር በፊት። እግሮቼ ከከዱኝ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ አእምሮዬ ግን ከእኔው ጋር ነው። ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ አልጋዬን ከበው በተቀመጡት ምስክሮች ፊት የመጨረሻ ቃሌን እናዘዛለሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ፀጉር አስተካካይ ነበርሁ። ሰው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ይከድናል፤ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ጉሮሮውን ለምላጬ ይሰጣል። ሹመኛውም፣ ሌባውም፣ ሰካራሙም እንደዚያው ናቸው። እንዲህ አምኖኝ የተሰጠኝ ፊት ሁሉ የፈጣሪ ፊት ይመስለኝ ስለነበር፣ ምላጩን ከማሳረፌ በፊት በሹክሹክታ "ይቅር በለኝ" እል ነበር። ደንበኞቼ የተቆረጡ እየመሰላቸው ይደነግጡ ነበር።

ሱቁንና ዋናውን ቤት ለወንድ ልጄ ሰጥቻለሁ። ትልቁ መስታወት ለሴት ልጄ ይሁን። በልጅነቷ ከፊቱ አልጠፋ እያለች ታስመርረኝ ነበር፤ ዛሬ ሩቅ አገር ሆና ናፍቃኛለች።

የኋላዋን ክፍል ግን ለተከራዬ፣ ከባድ ሸክም ስለሚያነሳ ሰፈሩ "ክሬን" እያለ ለሚጠራው ተሸካሚ ሰጥቻለሁ። ጠዋት ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት አገላብጦ ያጥበኛል፣ አንሶላዬን ይለውጣል፣ ጢሜንም ይላጨኛል። ስለ መላጨቱ እንኳ አላመሰግነውም፤ አገጬን እንደ ድንች ነው የሚልጠው። ሲያጥበኝ ግን አንድም ቀን ፊቱን አዙሮ አያውቅም። ወንበሬ ላይ አየው የነበረውን ያንኑ ፊት፣ እኔን ሊያጥብ ጎንበስ ሲል አየዋለሁ።

ወንድ ልጄ ጸሎተኛ ነው፤ ድምፁ በግድግዳው አልፎ ይሰማኛል። ከታመምሁ ወዲህ ግን ይህን የተኛሁበትን ክፍል ደፍ አላለፈም፤ ሽታዬ ይከብደዋል። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ "አባባ፣ ስጸልይልህ ነው ያደርኩት" አለኝ።

"ጸሎትህስ ይደርሳል፣ ልጄ፤ አንሶላዬ ግን ርጥብ ነው" አልሁት።

ሄዶ ክሬንን ጠራው። ያን ቀን ያዘንሁት ሐዘን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

እኔ ስሞት ክሬንን አስወጥቶ ክፍሏን የጸሎት ክፍል ሊያደርጋት ማሰቡን ሰምቻለሁ። ልጄ ሆይ፣ ፈጣሪን ከቤት አስወጥተህ ማንን ልትጠራባት ነው? ክፍሏ የክሬን ናት፤ በሕግም በአማላጅም እንዳትነካበት።

ከአንተ የምሻው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጢሜን ዛሬ አንተ ላጨኝ። ከሞትሁ በኋላ ብትላጨኝ ለእኔም ለአንተም አይጠቅምም። ውሃው ሞቋል፤ ምላጩም ተስሏል።

እኛ ምስክሮቹ፣ ጫማ ሰፊው፣ ጡረተኛዋ አስተማሪና የግድግዳ ጎረቤታቸው፣ ቃሉ ለተናዛዡ ተነብቦላቸው "ቃሌ ነው" ሲሉ ሰምተን ፈርመናል። ወንድ ልጃቸው ደፉ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳምጦ፣ ሳይገባ ሄዷል። የተናዛዡን ጣት ይዞ አሻራ ያስነካቸው ተሸካሚው ነው። ከእኛ አንዱ ልጁን ቢወቅስ፣ ተናዛዡ "አትፍረዱበት፤ ያ ፊት በእሱም ውስጥ አለ" አሉ። ይህም ይጻፍልኝ ስላሉ ጻፍነው።