የዶሮ ስብ የነካው መቀስ

ዳርላ፣

ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስወጣ የእናቴ ሰፊ ሰማያዊ ቀሚስ ለምሰፋው ብርድ ልብስ በሠላሳ እኩል ቁራጭ ተቆርጦ ጠረጴዛው ላይ ተደራርቦ ነበር። ቀይ ጥብጣብ የታሰረበት መቀስም ንጹሕ ሆኖ አጠገቡ ነበር።

ስመለስ ለእንግዳሽ ዶሮ ቆርጠሽበት መቀሱ ላይ ቆዳ ተጣብቆ አገኘሁ።

“መቀስ መቀስ ነው፣ አታካብጂ እንጂ!” ብለሽ ሳቅሽ። ያንቺም እናት ልብስ ሰፊ ነበረች። ጥብጣቡ “ለጨርቅ ብቻ” ማለት መሆኑን ታውቂያለሽ። ይባስ ብለሽ ስቡን በላይኞቹ አምስት ቁራጮች ጠረግሽው። ደጋግሜ በሳሙና አጠብኳቸው፤ ሽታው አልለቅ አለ። አፍንጫዬን ይዤ ጣልኳቸው።

ከዚያ ቀሚስ የተረፈ ሌላ ጨርቅ የለም። ስለዚህ አንድ ረድፍ ቀንሼ ሰፋሁት። አሁን ሌክሲንግተን ሆስፒታል ለተኛችው እህቴ ለሮዳ ይዤላት እየሄድኩ ነው። መድኃኒቱ ሲሰጣት እግሯን ብርድ ያንዘፈዝፋታል፤ ብርድ ልብሱን የለመነችኝም ለዚሁ ነው።

ድመቷን አብያት።
መቀሱ ወጥ ቤት ነው፤ ከእንግዲህ ያንቺ ይሁን።
እንግዳሽ ፊት መጮኽ አልነበረብኝም። ስለ ሌላው ግን…
ይቅር፣ አልጽፈውም።

ብርድ ልብሱን በሮዳ ቁመት ለካሁት። ከትከሻዋ ሲጀምር ከቁርጭምጭሚቷ አራት ኢንች በላይ ያልቃል።