ሲባጎ ያልታሰረበት ሱሪ

ውድ እታለም፣

ጽሑፌ ጫር ጫር ቢልብሽ አትሳቂብኝ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፍልሽ። ምክንያቱን እነግርሻለሁ። ከሁሉ በፊት ግን የቅዳሜውን አውቶቡስ እንዳትሳፈሪ! ቲኬቱን ቆርጠሽ ከሆነም ቅደጂው። ይህን ደብዳቤ ሹፌሩ ራሱ እንዲያደርስልሽ ለምኜው፣ "በገዛ እጇ ካልሆነ ለማንም አልሰጥም" ብሎ ምሎልኛል።

ባለፈው "ነይ" ያልንሽ እኛው ነን። አባባ ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ባልሽ ተለውጧል፣ መጠጥ ትቷል፣ ክረምቱን ሙሉ በማንም ላይ እጁን አላነሳም አልንሽ። ይህን የመሰከረለት ማን ነበር? የገዛ ወንድሙ! የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ማለት ይሄ ነው። እማዬ ብቻ ያኔም "ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ" ብላ ነበር። አባባ ተቆጧት፤ "ሰው አይለወጥም ወይ? እስከ መቼ ነው ልጄ በሰው አገር ተደብቃ የምትኖረው?" አሉ። ናፍቆትሽ ነው እንዲያ ያናገራቸው። በዚህ አትቀየሚያቸው።

የዘንድሮ መጸው የአይጥ መጸው ነው። ስንዴው ደህና ያዘና እኛ ደስ ሲለን የሜዳ አይጦቹም ደስ አላቸው። ማሳው ሲታጨድ መጠጊያ ያጣው ሁሉ ግቢያችንን ወረረው፤ ጎተራው ስር፣ ማገዶው ውስጥ፣ የአባባ ቦት ጫማ ውስጥ ሳይቀር። እማዬ የዱቄቱን ጣሳ ስትከፍት ከአንዷ ጋር ዓይን ለዓይን ተፋጠጡ። የጮኸችው እማዬ ናት፤ አይጧ ምንም አልመሰላትም። ድመቶቹም ከሥራ ብዛት ከሱ። በተለይ ያንቺው ሻምበል ጠዋት ጠዋት የገደላቸውን በሩ ላይ ደርድሮ ይጠብቀን ነበር። አንገታቸውን አንዴ ነክሶ ያራግፋል፣ ይጥላል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ግማሹ ስለተቆረጠው ጆሮው አባባ አሁንም "ያ የተረገመ ውሻ ነው የነከሰው" ይሉ ነበር። የቆረጠው ባልሽ የወረወረው የድስት ክዳን መሆኑን የምናውቀው አንቺ፣ እማዬና እኔ ነን።

ረቡዕ የመጨረሻውን ክምር አነሳን። ታውቂዋለሽ፤ ነዶው ከላይ እየተነሳ ሲሄድ አይጦቹ ወደ ታች፣ ወደ ታች ይሸሻሉ። የመጨረሻው ነዶ ሲነሳ ሁሉም ባንዴ ይፈነዳሉ። እኛም ድመቶቹን ዙሪያውን አሰልፈን፣ ዱላና አካፋ ይዘን፣ የሱሪያችንን እግር በሲባጎ ጥፍር አድርገን አስረን እንቆማለን። ባልሽ ሊያግዘን ጎህ ሳይቀድ መጣ። የአባባን ጉልበት ስሞ፣ እማዬን "ውሃ እኔ ልቅዳ" ብሎ፣ እኔን "እህቴ" ብሎ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔንም አሳመነኝ። ቅዳሜ ስትመጪ ከእኛ ጋር ቆሞ ሲቀበልሽ ታይቶኝ ነበር።

ክምሩ ሊያልቅ ሲል አባባ ሲባጎ ቆርጠው ለባልሽ በእጁ ሰጡት።

"እሰር፣ ልጄ።"

"አባባ ደግሞ! አይጥ የምፈራ ሴት ነኝ እንዴ?"

"አይጥ ሴት ወንድ አትለይም። ጨለማ ካየች ትገባለች።"

ስቆ ሲባጎውን ጣለው። ጎረቤታችን አናጢው ሳይቀር ሁለት ጊዜ ጠቅልሎ ነበር ያሰረው።

የመጨረሻው ነዶ ተነሳ። ምኑን ልንገርሽ! መሬቱ ራሱ የተነሳ ነው የመሰለን። ዱላው ይወርዳል፣ አካፋው ይወርዳል፣ ድመቶቹ አንዱን ሳይውጡ ሌላውን ይይዛሉ፤ ገለባው በደም ራሰ። እማዬ አይጥ የምትፈራው ጣሳ ውስጥ ስታገኛት ብቻ ነው መሰለኝ፣ በአካፋዋ ጀርባ ታደቃቸው ነበር። በዚህ መሃል ባልሽ ዘለለ። ጭኑን በጥፊ መታ፣ እንደገና ዘለለ፣ "ወይኔ! ወይኔ!" እያለ መቀመጫውን ይዞ ዞረ። አይጧ ገብታለች! አናጢው ሳቁን መያዝ አቅቶት ዱላውን ለቀቀ። አባባም ሳቁ። እኔማ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ።

በመጨረሻ በሱሪው ላይ ጨብጦ ጨፈለቃት። ጭኑ ላይ ደም ወጣ፤ አይጧም በሱሪው እግር ዱብ አለች። ሻምበል እሱን ሲያይ ወትሮ አጥር ዘሎ የሚጠፋ ድመት ነበር። ያን ቀን ግን አደኑ ፍርሃቱን አስረሳውና ከእግሩ መሃል ገብቶ አይጧን አፈፍ አደረጋት።

ባልሽ ነዶ ስንገለብጥበት የነበረውን መንሽ አነሳ። በእጀታው ወገቡን አለው። የድመቱ የኋላ እግሮች አልተነሱም። አይጧን እንደያዘ በፊት እግሮቹ ሲጎተት ደግሞ ደገመው፤ ሰለሰው። ጮኬ መንሹን ልይዝ እጄን ስዘረጋ ወደ እኔ ዞረ።

"ምን ያስቅሻል? አንቺም እንደ እህትሽ ልትስቂብኝ ነው?"

ያኔ እኮ ሳቄን ካቆምኩ ቆይቻለሁ! እጀታው ቀኝ አንጓዬ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ዳዋ መሆን እንዴት እንደሚያም ግን አሁን ገና አወቅኩት። አንቺ ይህን ስንት ዓመት ቻልሽው፣ እታለም? ስንት ጊዜ "ደረጃ ላይ ወደቅኩ" አልሽን!

አባባ መንሹን ከእጁ ነጠቁት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ያን የተጣለ ሲባጎ ከገለባው አነሱና ፊቱ ላይ ያዙት።

"ሰጥቼህ ነበር" አሉት። "በእጅህ ሰጥቼህ ነበር።"

ወዲያው ተንበረከከ። አለቀሰ። "ሰይጣን ነው፣ አባባ! ለእሷ እንዳትነግሩብኝ፣ ቅዳሜ ትመጣለች!" አለ። የእኔን እጅ አላየም፤ ድመቱንም አላየም። የጨነቀው ቅዳሜ ብቻ ነበር።

እማዬ በአካፋው ጀርባውን አለችው። አንድ ሰው ገብቶ የያዛት እንዳይመስልሽ፤ ማንም አልያዛትም። ሁለተኛውን ስትሰነዝር ተነስቶ በታጨደው ማሳ ላይ ሮጠ፤ የአይጥ ደም በሱሪው ላይ እንዳለ። አናጢው ጤና ጣቢያ ወሰደኝ፤ ነርሷ በጄሶ አሰረችኝ። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ፤ አናጢውም መሰከረ። እስካሁን ግን አልተያዘም። ያለሽበትን አያውቅም፤ ከእኛም ሞቶ አይሰማም። አንቺ ብቻ ከመንገድ ቅሪልን።

ሻምበልን ጓሮ አጥሩ ሥር ቀበርነው። አይጧን ከአፉ ማውጣት አልቻልንምና ይዟት ሄደ፤ ይገባዋል። አባባ አፈር ከመመለሳቸው በፊት ያን ግማሽ ጆሮ በጣታቸው ይዘው ቆዩና "ይሄ የውሻ ጥርስ አይደለም፣ አይደል?" አሉኝ። አይደለም አልኳቸው። ከዚያ አፈሩን ብቻቸውን መለሱ፤ እራትም አልበሉም።

ከሻምበል ልጆች አንዱ ቁርጥ አባቱን ነው፤ ግራጫ፣ ቁጡ። ትናንት ከእሱ የምትበልጥ አይጥ ይዞ፣ ልቀማው ስጠጋ አጉረመረመብኝ። ጄሶው እንደተፈታልኝ በቅርጫት አድርጌ አመጣልሻለሁ። ያኔ እንደ ልብሽ ሳቂ፤ እኔም እስቃለሁ።

ታናሽሽ

ደብዳቤውን ላሽገው ስል አባባ እስክሪብቶውን ተቀበሉኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሳቸው ጽሑፍ ነው።

ልጄ፣ አትምጪ። እኔ እመጣለሁ።