አልከፈት ያለው የካሜራ ካርድ

ሰኞ

ካርዱ አልከፈት አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካው «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ነቀልኩት፣ መልሼ ሰካሁት። ያው ነው። ውስጡ የደንበኛዬ የፈትያ ኒካህ ፎቶ አለ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ለሰው ስለማልናገረው እዚህ ልጻፈው። ኒካሁ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፣ ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ስዞር ከረምኩ። ዛሬ ለረቡዕ ሰርግ ባዶ ካርድ ሲያስፈልገኝ ጊዜ ትዝ አለኝ። ኮፒ ማድረግ ሲገባኝ ካት አደረግኩት፣ ፋይሉን ከካርዱ ላይ እያጠፋ የሚያዛውረውን። ፎቶ ቤት ያለን ሁላችንም እንዲህ ነን፣ ካርዱ ቶሎ ይለቀቅልን እንጂ ሌላው አይታየንም። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ሲመጣ ኮምፒውተሩ ላይ የተገኙት ፋይሎች ባዶ፣ ካርዱም እምቢ።

የፈትያ አባት ሼህ ኑሩ ከኒካሁ በአምስተኛው ቀን ድንገት ሞቱ። አሰንዳቦ ቡና ሲገዙ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ ይባላል። መታወቂያቸው ላይ ያለችው ፎቶ የወጣትነታቸው ናት፣ እሷም ደብዝዛለች። እኔን የጠሩኝ የሴቶቹን ድግስ እንዳነሳ ነበር። ፈትያ ለምና ነው ወንዶቹ ጋ ያስገባችኝ። «እሺ፣ ዛሬ ብቻ» አሉኝ ሼሁ። ሦስት ጊዜ አነሳኋቸው።

አልደነገጥኩም። ይሄ ነው የገረመኝ። ቁጭ ብዬ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ።

ማክሰኞ

የሞከርኩት፦
የካርዱን ጫፍ በላጲስ ጠረግኩ።
ጎኑ ላይ ያለችውን መቆለፊያ ወደ ላይ ወደ ታች አልኳት።
ከጎረቤት ፎቶ ቤት ሌላ የካርድ ማንበቢያ ተዋስኩ።
ካሜራው ውስጥ መለስኩት። ካሜራውም አላውቀውም አለ።

ፈትያ ደወለች። «ሰሚራ፣ የአባዬ ፎቶ ደረሰልን? እማዬ በየቀኑ ትጠይቀኛለች።» ነገ ኢንሻአላህ አልኳት። አመስግናኝ ዘጋች። ስዋሽ የመጀመሪያዬ አይደለም፣ ፎቶ ቤት «ነገ» ሳይባል አይሠራም። ኢንሻአላህን ለውሸቴ መሸፈኛ ማድረጌ ግን ደስ አላለኝም። ደስ አላለኝም ስል እንኳ ከሩቅ ነው የሚሰማኝ።

ረቡዕ

ጠዋት ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ሄድኩ፣ ኮምፒውተር የሚጠግነው ታደሰ ጋ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ፎርማቱን ነክተሽዋል ወይ ብሎ ነው። አልነካሁም። ሌላ ፎቶስ አንስተሽበታል? አላነሳሁም። «በይ እንግዲህ፣ ከጥፋትሽ ሁሉ ከዚች እንኳ ተርፈሻል» አለ። ታደሰ ሳይሳደብ አይሠራም፣ እጁ ግን መልካም ነው።

እንደ መጽሐፍ ብታስቢው የተቀደደው ማውጫው ነው፣ ገጾቹ ሊኖሩ ይችላሉ አለኝ። እሱ ኮምፒውተር ላይ የካርዱ መጠን ታየ፣ ሠላሳ ሁለት ጊጋ። እኔ ጋ ይሄም አይታይም ነበር። ትንሽም ቢሆን ድል ነው። ካርዱን ትቼለት ወጣሁ።

ከሰዓት ከጎረቤት ፎቶ ቤት በተዋስኩት ካርድ ሰርግ ሠራሁ። እልልታ ነበር መሰለኝ። እጄ ብቻውን ሲያነሳ ዋለ።

ሐሙስ

የታደሰ ፕሮግራም ከጠዋት እስከ አስር ሰዓት ሲፈልግ ቆየ። ፎቶዎቹ ስማቸውን ጥለው በቁጥር ብቻ ወጡ። ኬኩ ስምንት ጊዜ ተርፏል። የበር ላይ ጫማ ክምር ተርፏል፣ ለምን እንዳነሳሁት እንጃ።

ከሼህ ኑሩ ሦስት ፎቶዎች ሁለቱ አልከፈት አሉ። አንዱ ተከፈተ። ነጭ ኮፍያቸው፣ ግንባራቸው፣ ዓይናቸው፣ ጢማቸው። ከጢማቸው በታች ግራጫ ብቻ ነው፣ ምስል የለም። የሙሽራውን እጅ ጨብጠው ልጃቸውን ሲድሩ ነበር ያነሳኋቸው፣ ለእጆቹ ብዬ ነበር ያነሳሁት። እጆቹ ከሌሉ ኒካሁ ራሱ የለም።

«ፊቱ ካለ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ ታደሰ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ለፈትያ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። «ለእማዬ ራስሽ ንገሪያት፣ እኔ አልችልም» አለችኝ። ነገ የባሏ ዘመዶች ጋ ትሄዳለች፣ እኔ ቅዳሜ አሰንዳቦ ስሄድ እሷ አትኖርም።

ዓርብ

ፎቶውን አሳተምኩት። ግራጫውን ቆርጬ ብጥለው ፊት ብቻ ይሆናል፣ ማንም አያውቅም። ቆረጥኩት፣ ያምራል። ከዚያ ያልተቆረጠውንም አሳተምኩ። የትኛውን እንደምሰጥ ሳልወስን ሁለቱንም ፖስታ ውስጥ ከተትኩ።

ቅዳሜ

አሰንዳቦ ደርሼ መጣሁ። የሼህ ኑሩ ባለቤት እማማ ዘሃራ ዒዳ ላይ ናቸው፣ አራት ወር ከአስር ቀን እስኪሞላ ከቤት አይወጡም። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የሙስበሃ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። «ኮቱ፣ ቅረቢ» አሉኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ሰላምታው ሳያልቅ ነገርኳቸው። ካቱን፣ መብራቱን፣ ኢንሻአላህ ብዬ መዋሸቴን። «መብራትማ እኛም ጋ ይሄዳል» አሉ። ያልተቆረጠውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። እጄ ቀድሞኝ ነው።

ግራጫውን በጣታቸው ነኩት። «ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«እጃቸው ነበር እማማ። የሙሽራውን እጅ ይዘው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አውፍ በሉኝ።»

ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት።

«እጁንስ አርባ ዓመት አውቀዋለሁ፣ አይጠፋኝም» አሉ። «የጠፋኝ ፊቱ ነው። ሰሞኑን ዓይኔን ስጨፍን አልመጣልኝ አለ። እንዲህ ቶሎ ረሳችው እንዳይሉኝ ለልጆቼም አልተናገርኩ።»

አለቀስኩ፣ እዚያው ምንጣፉ ላይ። እሳቸው አላለቀሱም። ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ ፎቶው ላይ ያለውን ፊት ያዩ ነበር።

ሁለቱን አልከፈት ያሉትን ታደሰ ሰኞ እንደገና ይሞክራቸዋል። እስከዚያ ካርዱን ከእሱ አልወስድም።