የወይዘሮ ኩልሱምን ቤት ባዶ ነው ብሎ ለተስማማው ኮሚቴ

ለተከበሩ አቶ ተከስተ
የወረዳችን የመልሶ ማልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ካዛንቺስ

ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎም ሆነ ለመላው የኮሚቴ አባላት ሰላምና ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ለዓይንና ለጆሯችሁ ጤና ዘወትር እንደምንጸልይ ይወቁልኝ። እኔ ከኡራኤል ወረድ ብሎ ከወይዘሮ ኩልሱም ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርቼ የምኖር ጎረቤታቸው ነኝ። ኮሚቴዎ «ሰው የማይኖርበት» ብሎ በቀይ ቀለም ምልክት ያደረገበትና ሐሙስ ሊያፈርሰው የቆረጠው ቤት የእርሳቸው ነው።

አንደኛ፣ ስለ ትጋታችሁ ላመስግን። ወይዘሮ ኩልሱም ባለቤታቸው ሐጂ መሐመድአሚን በቅርቡ ስላረፉባቸው ዒዳ ላይ ናቸው፤ በሃይማኖታቸው ደንብ የባል ሐዘን ወራቱ እስኪያበቃ ከቤት አይወጡም፣ ለማያውቁት ወንድ በርም አይከፍቱም። ሰፈሩ ይህን ስለሚያውቅ አስቤዛቸውን የምንገዛላቸው እኛ ነን። የእርስዎ ሰዎች ሲያንኳኩም እርሳቸው ከውስጥ ሆነው «የጎረቤት ልጆች ማታ ይመጣሉ፣ ያኔ ኑ» ብለው መልሰዋል። በመላው ካዛንቺስ ከቤታቸው መውጣት የማይችሉትን እኝህን ሴት መርጦ የሉም ማለት እንዴት ያለ ተሰጥኦ ነው!

ሁለተኛው ጉዳይ ስብሰባችሁ ነው። የኮሚቴዎ አባል ሉሊ እንደነገረችኝ፣ አንዱ ባለሙያ ከውስጥ ድምፅ መስማቱን ሲናገር ሌላው ሬዲዮ ሊሆን ይችላል አለ፤ ሦስተኛው ሰዎች ቤት ሲለቁ ሬዲዮ ሳያጠፉ መሄዳቸው የተለመደ መሆኑን አስረዳ፤ ሻይ ተጠጥቶ ሲመለሱ «ሊሆን ይችላል» የሚለው ቀርቶ ሬዲዮ ነው ተባለ፤ በመጨረሻም የጋራ ግንዛቤ ተይዟል ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አንድም ሰው ተመልሶ ሄዶ ሬዲዮውን «ደህና ዋልክ?» ብሎ አልፈተነውም።

ሉሊ ራሷ በዚያ ቤት ቴሌቪዥን እያየች ያደገች የሰፈራችን ልጅ ናት። ታዲያ ለምን እጅሽን አወጣሽ ብዬ ብጠይቃት «ሁሉም ሲስማሙ እኔ ብቻ ያልገባኝ ነገር ያለ መሰለኝ፣ በቃ አወጣሁ» አለችኝ። አልተቆጣኋትም ብል ውሸት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እናንተም አንዳችሁ ብቻውን የማይሸከመውን ነውር ተካፍላችሁ አጌጣችሁበት።

አቤት ስንል የሰጣችሁን መፍትሔ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፦ ወይዘሮዋ በቤቱ መኖራቸውን በአካል ቢሮ ቀርበው ያረጋግጡ። እንግዲህ ቤት አሉ ለመባል ከቤት መውጣት አለባቸው ማለት ነው። ከወጡም ቤቱ ባዶ ይሆንና ኮሚቴው ልክ ነበር ይባላል።

አቶ ተከስተ፣ እኝህ ሴት ባላቸውን ቀብረው ገና እንባቸው አልደረቀም። ከዚያ ቤት ሌላ መጠጊያ የላቸውም። የምታደርጉት ማፈሪያ ነው፤ ከዚህ የተሻለ የጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

የኮሚቴውን ጥልቅ ግንዛቤ ከልብ እያደነቅሁ፣ በሕይወት መኖሬ እስካሁን በስብሰባ ያልተሻረብኝ፣

አክባሪዎ ፀሃዬ መብርሃቶም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐሙስ ማሽኑን ሲልኩ፣ ስብሰባው ላይ ያልነበረ ሹፌር ይሁንልን። ሰው ሲያይ ሰው ነው ብሎ ሞተሩን ያጠፋ ይሆናል።