የበረዶ መግፊያው ብሎን

ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ጠዋት 2፡00

የብረት መዝጊያውን ከፈትኩ። ብርድ ልብሶቹን ሰቀልኩ። ደጁን ጠረግሁ። ጎጎ ታንዲ ዛሬም ናስር ደጅ ናት። ፕላስቲክ ወንበሯን ራሷ እየጎተተች፣ በእኔ በር በኩል አልፋ። ሳውቦና አልኳት፣ መለሰችልኝ። ያው ሰላምታ ነው።

ደብተሬ፣ አንተ ታውቃለህ። ሰባት ዓመት ሙሉ ታክሲዋን የምትጠብቀው እኔ ደጅ ነበር። ከአገሬ ወጥቼ እዚህ ጀርሚስተን ከተማ ስመጣ የዙሉ ቋንቋ ያስተማረችኝ ይህች አሮጊት ናት። ልጄ ትለኝ ነበር፣ እኔም ጎጎ፣ አያቴ እላታለሁ። ባለፈው ወር ያ በረዶ ሲከመር ደጄ ላይ አዳለጣት፣ እጇ ተሰበረ። ሁለት ሳምንት ጠፍታ ስትመለስ ወንበሯን ናስር ጋ ዘረጋች። ናስር ያገሬ ልጅ ነው፣ የወራቤ። ሱቃችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ። አሁን ልጄ የሚባለው እሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ከሰዓት በኋላ

ናስር ጓሮ ብየዳ ይዟል። ዕቃ የምፈልግ መስዬ ሄድኩ። ያሮጌ የእጅ ጋሪ ጎማ፣ ፊቱ ላይ ግማሽ በርሜል፣ ወደ ጎን ዘመም ያለ። በረዶ መግፊያ ነው አለኝ፣ ጎጎ ሁለተኛ እንዳትወድቅ። ጠባብ ነች፣ የልጅ መጫወቻ። ጎጎ ግን ዓይኗን ከሱ አልነቀለችም።

እኔ ይሄ ሐሳብ ጠፍቶኝ ነው? ቀደመኝ እንጂ። እሠራለሁ። የሱን እጥፍ።

እሁድ፣ ኅዳር 7

መንገዱ ጭር ብሏል። ሜትር ይዤ ወጣሁ። ከግድግዳው እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ለካሁ፣ ሁለቴ። ላሜራውን በዚያው ልክ ቆረጥኩ፣ የቱቦላሬ ብረት እጀታ በየድኩ፣ አራት ጎማ አስገባሁ። ቀይ ቀለም ቀባሁት። ናስር ሦስቴ የሚመላለስበትን እኔ ባንድ ግፊት እጨርሳለሁ። ጎጎ ትየው ብቻ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። 11፡00

ውርደት። በረዶው ጣለ፣ ገና አባርቶ ሳያበቃ ቀዩን ይዤ ወጣሁ። ሦስት እርምጃ ሄዶ በግድግዳውና በቲማቲም ሻጯ ጠረጴዛ መካከል ተቀረቀረ። እሁድ ነዋ የለካሁት! እሁድ ቲማቲም የለ፣ የፀጉር ሠሪዋ ወንበር የለ። በሥራ ቀን መንገዱ ግማሽ እንደሚሆን ሰባት ዓመት ያየሁት ሰው ነኝ።

ናስር ሹልክ ሹልክ እያለ የራሱን ደጅ ጨረሰ። ከዚያ የእኔንም ጠረገልኝ። አመሰግናለሁ አልኩ፣ በጥርሴ። ጎጎ አንድ እጇ ጀሶ ውስጥ ስለሆነ በሌላው ጉልበቷን እየመታች አጨበጨበችለት። የኔን ቀይ ጉድ ወደ ጓሮ ስጎትት ማንም አላየኝም። አለማየታቸውም ከነከነኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። 7፡40

ጁምዓ በተራ ነው። እኔ ፊተኛውን እሰግዳለሁ፣ እሱ ኋለኛውን። የቀረው ሁለቱንም ሱቅ ይጠብቃል። አሁን የሱ ተራ። ቁልፉን ትቶልኝ ሄደ። የሱ መግፊያ በሩ ሥር ቆማለች።

በርሜሉን ከእጀታው ያያዘው አንድ ብሎን ነው። ፈታሁት። ኪሴ ውስጥ ነው። ገና ከሰላት እንደተመለስኩ! አስተግፊሩላህ። ግን አልመለስኩትም። ምቀኛ አታሳጣኝ ይባል የለ፣ ለናስር እኔ ተሰጠሁት።

ሰማዩ ጠቁሯል።

በዚያው ቀን፣ 8፡50

በረዶው ሩብ ሰዓት ሙሉ ወረደ። ቁርጭምጭሚት ያሰጥማል። ናስር መስጊድ። ጎጎ ናስር በር ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር። ታክሲዋ መጥቶ ክላክስ ያስጮሃል። በጀሶ እጇ ግድግዳ ይዛ ልትነሳ ስትሞክር አየኋት። ተቀመጪ ብዬ ጮህኩ። ቀዩ አያልፍም። የናስርን አነሳሁ፣ በርሜሉ እግሬ ላይ ወደቀ። ተንበረከክሁ። ብሎኑን ከኪሴ አውጥቼ በጣቴ አጠበቅሁት፣ እሷ እያየችኝ። ገፋሁ። እስከ ታክሲው በር መንገድ ወጣላት። ክንዷን ይዤ አደረስኳት።

ደጄ ላይ ስለወደቅሽ ይቅር በይኝ አልኳት። በረዶውን አንተ አላወረድከውም አለችኝ። ልትገባ ብላ ቆመች።

«ሁለት ሳምንት ተኛሁ። ናስር ሙዝ ይዞ መጣ። እኔ ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንተ ትሆናለህ እያልኩ ነበር።»

ታክሲው ሄደ።

እኔ የወራቤ ልጅ! አገሬ የታመመ ሳይጠየቅ ይቀራል? ፈርቼ ነው፣ ደጅህ ሰበረኝ ትለኛለች ብዬ። ከዚያ ደግሞ ናስር ነጠቀኝ እላለሁ። ምኑን ነጠቀኝ? የጣልኩትን ነው ያነሳው።

ናስር እየሮጠ መጣ። ደጁ ተጠርጎ፣ ወንበሯ ባዶ። እንዴት ሄደች አለ፣ ነገርኩት። አቅፎኝ አላህ ይስጥህ አለኝ። መንገዱን ሙሉ ስለሷ ሲጨነቅ ነው የመጣው። ስለ ብሎኑ ትንፍሽ አላልኩም።

አሁንም እቀናለሁ ወላሂ። ቤቷን ያውቀዋል። እኔ በሰባት ዓመት ካትሌሆንግ ከሚለው የሰፈር ስም በቀር አላውቅም።

እሁድ እሄዳለሁ። መንገዱን የሚያሳየኝ ከናስር ሌላ የለም። የብሎኑን ነገር ደብቄ ደግሞ በሱ መኪና አጠገቡ አልቀመጥም። ነገ ሱቅ ሳንከፍት እነግረዋለሁ። እንዲህ ብዬ እጀምራለሁ፦ ናስር፣ ትናንት አንተ ሰላት ላይ ሳለህ እኔ…